ጣርማበርን ለሚወርድ፣ ይፋት ቆላ ለሚሠራ ጭነት መኪና የቱ ጎማ ይሻላል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺሕ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውንና 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለውን ዋሻ ካለፈ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከዋሻው በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ መኪናው ከ1 ሺሕ 700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሾፌር ሸዋ ሮቢት ሲገባ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ጎማው ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም።

የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር ገንዘብ አዋጥተው፣ ከባንክ ተበድረው አንድ አይሱዙ ወይም አንድ ሲኖትራክ መግዛት ከጀመሩ ሰንበትበት ብለዋል። መኪናውን የሚነዳው ሾፌር ነው፤ ጎማውን የሚገዛው ግን ባለቤቱ ነው። ባለቤቱም ወደ ሶማሌ ተራ ሲወርድ በአብዛኛው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?» የሚል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይህ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ዋጥ አድርጓቸዋል። የአገሪቱ የጎማ ፋብሪካ የተተከለው በ1960ዎቹ ሲሆን፣ አዲስ ጎማ፣ ማታዶር አዲስ፣ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ ጎማ እየተባለ ስሙ ተለዋውጧል። የከባድ መኪና ጎማ ገበያው ግን በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የቆመ ስለሆነ የዶላር ነገር በቀጥታ ይነካዋል። እንግዲህ በዚህ ዋጋ የተገዛ ጎማ ሦስት ወር ሳይሠራ ሲፈነዳ ጥፋቱን በፋብሪካው ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጎማው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለማይሆነው ሥራ ተገዝቶ ነው።

ሙቀትና ድንጋይ

ጎማ ዕድሜውን ሳይጨርስ የሚሞተው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ሙቀት ሲሆን ሌላው መቆረጥ ነው። የይፋት መንገድ ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ለጎማ ገዢ ራስ ምታት ነው።

ጎማ በዞረ ቁጥር መሬት የነካው ክፍሉ ይጨፈለቃል፣ ሲነሳ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ መጨፍለቅና መመለስ በጎማው አካል ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ላስቲክ ሙቀትን ቶሎ ወደ ውጭ አያስወጣም፤ ስለዚህ ጥርሱ በወፈረ መጠን ውስጡ የሚጠራቀመው ሙቀት ይበዛል። ጭነት ሲበዛ፣ ፍጥነት ሲጨምር፣ ከሁሉም በላይ ንፋስ ሲያንስ ሙቀቱ ይብሳል። ከልክ ሲያልፍ ላስቲኩና ውስጡ ያለው ሽቦ ይላቀቁና ጥርሱ እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ይወጣል። በቆላ አስፋልት ዳር ተጥለው የሚታዩት ረጃጅም የጎማ ቁራጮች የዚህ ውጤት ናቸው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉም ከታደሰ ጎማ የወደቁ አይደሉም፤ አዲስ ጎማም በንፋስ ማነስ እንደዚሁ ይገሸለጣል።

በቁልቁለት ላይ ሌላ የሙቀት ምንጭ ይጨመራል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ሳይሆን እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ ከወረደ የፍሬን ታምቡሩ ይግላል። ግለቱ በቸርኬው በኩል ተላልፎ ጎማው ቸርኬውን የሚጨብጥበት ጠርዝ ላይ ይደርሳል። የዚህ ዓይነቱን ጉዳት ከውጭ ማየት ያስቸግራል። ጎማው ጣርማበር ላይ ተጎድቶ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጀውሃ ሜዳ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሾፌሩም ምክንያቱን በጀውሃ አስፋልት ላይ ይፈልጋል።

ከአስፋልቱ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የቀወት፣ የአጣዬና የካራቆሬ አካባቢ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ማሽላና ጤፍ የሚጫነው ከዋናው መንገድ ርቆ ከሚገኝ ማሳና መጋዘን ነው። በበጋ የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች ያወረዱት ድንጋይ መንገዱም ማቋረጫውም ነው። በክረምት ዋልካው ይላቁጣል። ግራሩ ደግሞ በበጋም በክረምትም እሾሁን አይነሳም። በዚህ ሁሉ ላይ መኪናው የሚሄደው በ20 እና በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስለሆነ ሙቀት የሚያሳስብ ነገር አይደለም። የሚያሳስበው ስለታም ድንጋይ ነው። እዚህ የሚፈለገው ጥርሱ የወፈረ፣ ጎኑ የጠነከረ፣ ጭቃን ከጥርሱ መሐል የሚያራግፍ ጎማ ነው።

ይህን ጎማ ጭኖ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በእኩለ ቀን መንዳት ግን ወፍራሙን ጥርስ እንደ ምጣድ ማጋል ነው። ለድንጋይ የተሠራ ጎማ ሙቀትን ይፈራል፣ ለሙቀት የተሠራው ድንጋይን ይፈራል። ሁለቱንም እኩል የሚችል ጎማ እስካሁን አልተሠራም፤ አለኝ የሚል ነጋዴ ካለ ዕቃውን ለመሸጥ ነው።

መኪናው የት ይሠራል?

ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሾፌሩን መጠየቅ ይሻላል። ከ100 ኪሎ ሜትር ስንቱን ከአስፋልት ውጭ ትሄዳለህ? ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ቢራ ጭኖ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያደርስ መኪና መልሱ «ምንም» የሚባል ነው። ለእሱ ጥርሱ በቁመት የተሰመረ፣ ጥልቀቱ ከ14 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የአውራ ጎዳና ጎማ በቂ ነው። ሽንኩርትና ማሾ ከማሳ አንስቶ አዲስ አበባ የሚያስገባ መኪና ከመቶው አሥሩን ወይም ሃያውን በድንጋይ ላይ ቢሄድ፣ ለኋላ እግሩ በነጋዴዎች ዘንድ «ድብልቅ» የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የታሰበው ጎማ ያስፈልገዋል። ከወንዝ አሸዋና ጠጠር የሚያወጣ ገልባጭ ግን ቀኑን ሙሉ ከአስፋልት ውጭ ስለሚውል ጥልቅ ጥርስ ይገባዋል። እርሱንም ቢሆን ጭነት ተገኘ ተብሎ ወደ አዲስ አበባ መላክ አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግማሽ በግማሽ ለሆነ ሥራ እንኳ ሚዛኑ ወደ አስፋልቱ ማድላት አለበት የሚል ነው። በድንጋይ የተቆረጠ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በዝግታ በሚሄድበት ቦታ ይተነፍሳል፤ ሾፌሩ ይወርዳል፣ ይራገማል፣ ይቀይራል። በሙቀት የሚፈነዳው ግን በፍጥነት ላይ ነው፤ የፊት ጎማ ከሆነ ደግሞ መሪውን ይዞት ይሄዳል። አንዱ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ሌላው ሰው ያስከፍላል።

የድብልቅ ጎማ ገዢ አንድ ትንሽ ነገር ልብ ቢል ይጠቀማል። በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ወለል ላይ ትናንሽ የላስቲክ እብጠቶች ካሉ ጠጠር ገብቶ እንዳይቀረቀር የሚገፉ ናቸው። የተቀረቀረ ጠጠር በየዙሩ እንደ መሰርሰሪያ እየገባ ሽቦው ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ውኃ ሽቦውን ያዝገዋል። በአውራ ጎዳና ጎማ ወደ ማሳ የሚገባ ሾፌር ረዳቱን በየማታው በብረት ጠጠር እንዲለቅም ማዘዝ አለበት።

የፊት ጎማ ሒሳብ

ባለቤቶች አዲስ ጎማ ሲገዙ ወደ ኋላ እግር ያስገባሉ፤ «ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው» በማለት። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ኮሜሳ፣ ያወጣው የክብደት ልክ ለፊት እግር 8 ቶን፣ ጥንድ ጎማ ላለው አንድ የኋላ እግር 10 ቶን ነው። የኋላው 10 ቶን ለአራት ጎማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2 ሺሕ 500 ኪሎ ይደርሰዋል። የፊቱ 8 ቶን ለሁለት ጎማ ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ 4 ሺሕ ኪሎ ይሆናል። ይህ መኪናው በሜዳ ሲሄድ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ተጨማሪ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል።

አሁን የጎማውን ጎን እንመልከት። ከመጠኑ ቀጥሎ፣ ለምሳሌ 12.00 አር 20 ከሚለው አጠገብ፣ በእዝባር የተለዩ ሁለት ቁጥሮችና አንድ የላቲን ፊደል ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ለብቻው ሲገጠም፣ ሁለተኛው በጥንድ ሲገጠም የሚሸከመውን ያመለክታል። ቁጥሩ ኪሎ አይደለም፣ ዓለም አቀፍ መለያ ነው። 149 ማለት 3 ሺሕ 250 ኪሎ፣ 154 ማለት 3 ሺሕ 750 ኪሎ፣ 156 ማለት 4 ሺሕ ኪሎ ነው። እንግዲህ 154 የተጻፈበት ጎማ ፊት ሲገጠም ሁለቱ ተደምረው 7 ሺሕ 500 ኪሎ ይሸከማሉ፤ 8 ቶን ላይ አይደርሱም። ያው ጎማ ኋላ በጥንድ ሲገጠም፣ ሁለተኛው ቁጥር 149 ቢሆን እንኳ፣ አራቱ 13 ቶን ይችላሉ። በሕጋዊ ጭነት የሚጨነቀው የፊቱ ነው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጎማዎች የዋጋ ልዩነት ካሳዩ ይህን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው። ዲ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር፣ ኤፍ 80፣ ጄ 100፣ ኬ 110፣ ኤል 120 ነው። ለድንጋይ ካባና ለማዕድን የተሠሩ ጥልቅ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ዲ ወይም ኤፍ ነው። ጎማው ራሱ «በ65 ሂድ» እያለ ሾፌሩ በ90 ሲነዳው የሚፈጠረውን መገመት አያዳግትም። በዚህ በኩል ሕዝቡ በፍጥነቱ የተነሳ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣለት አይሱዙ የሚታወስ ነው። በእነዚህ ትናንሽ መኪኖች ላይ ባለ ክር ጎማ መግጠም የተለመደ ነው። ክሩ ጎኑን ስለሚያጠነክረው ለጠጠር መንገድ መልካም ነው፤ በፍጥነት ግን ከባለ ሽቦው ይልቅ ይግላል። በአንድ እግር ላይ ባለ ክርና ባለ ሽቦ ቀላቅሎ መግጠም ጨርሶ አይገባም።

በጥንድ ጎማ በኩልም ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎችን ማጣመር የተለመደ ስህተት ነው። አዲሱ ረጅም፣ አሮጌው አጭር ሲሆን ረጅሙ የሁለቱን ጭነት ለብቻው ይሸከማል። ለትልልቆቹ፣ ከ9.00 ጀምሮ ላሉት፣ የውፍረተ ክበባቸው ልዩነት ከ12 ሚሊ ሜትር፣ ለትናንሾቹ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ንፋስ በደጋና በቆላ

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት፣ የአየሩ ሙቀት 8 ዲግሪ ሳለ 120 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ አለ እንበል። ሸዋ ሮቢት በ30 ዲግሪ ቆሞ ቢለካ ወደ 128 ያሳያል። ከፍታው በመቀነሱ የውጭው አየር ትንሽ ስለሚከብድ ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን አሥር ያህል ይጨምራል። የጉዞው ግለት ሲታከልበት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጎማው ሲሠራም ታስቦበታል።

ችግሩ የሚመጣው ሾፌሩ ሸዋ ሮቢት ላይ «ንፋሱ በዛ» ብሎ ሲያስተነፍስ ነው። ጎማው በጉዞ ግለት 55 ዲግሪ ደርሶ ሳለ ወደ 120 ዝቅ ቢደረግ፣ ሌሊቱን ደብረ ብርሃን ሲያድር ወደ 103 ገደማ ይወርዳል። በጎማ ባለሙያዎች ዘንድ ከተመደበለት ልክ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የሄደ ጎማ እንደ ተነፈሰ ይቆጠራል፤ ወርዶ ውስጡ ሳይታይ እንደገና አይነፋም። 103 ከዚያ መስመር ብዙ አይርቅም። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ደግሞ ያልፈዋል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የሚነፋውም በመዶሻ እየመቱ በሚሰማ ድምፅ ሳይሆን በመለኪያ ነው። መለኪያ የሌለው መኪና ባለቤት ከጎማው ሁሉ በፊት እሱን ቢገዛ ወጪውን ቶሎ ይመልሳል።

ዋልካ ላይ መኪና ሲያዝ ንፋስ ቀንሶ መውጣት የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚያስወቅስም አይደለም። የሚያስወቅሰው መልሶ ሳይነፉ አስፋልት መውጣት ነው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና በዘለቀበት ጊዜ፣ ከዚያም ወዲህ መንገዱ በጸጥታ ችግር በተዘጋባቸው ጊዜያት፣ ጭነት እንደያዙ ለብዙ ቀናት የቆሙ መኪኖች ነበሩ። ጭነት ተሸክሞ በፀሐይ የቆመ ጎማ ንፋሱ እየቀነሰ በአንድ በኩል ይጨፈለቃል። መንገዱ ሲከፈት የሚቸኩል ብዙ ነው፤ ግን መጀመሪያ ንፋሱን ለክቶና ሞልቶ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

ከመነዳሪ ያለውና የሌለው

ባለ 20 ኢንቹ ጎማ ከመነዳሪና ፍላፕ ይዞ ቀለበት ባለው ቸርኬ ላይ ይገጠማል። ባለ 22.5 ኢንቹ ከመነዳሪ የለውም። ከመነዳሪ የሌለው ቀለል ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ምስማር ሲወጋውም ቀስ እያለ ስለሚተነፍስ ሾፌሩ ጊዜ ያገኛል። ለጣርማበር ቁልቁለት የሚመረጠው እሱ ነው። ባለ ከመነዳሪው ግን ከከተማ ርቆ በተገኘ ጎሚስታ እጅ፣ በሁለት ብረትና በአንድ መዶሻ ይጠገናል፤ ወንዝ ውስጥ ለሚሠራ ገልባጭ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ባለ ቀለበቱ ቸርኬ ግን ጎሚስታውን ይገድላል። ቀለበቱ በትክክል ሳይገባ ጎማው ከተነፋ በታላቅ ኃይል ተፈናጥሮ ይወጣል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ጎማ የሚነፋው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተደርጎ ነው። ፍርግርጉ በሌለበት ቀለበቱን ወደ መሬት ማስተኛት፣ በሰንሰለት ማሰር፣ ረጅም ቱቦ ተጠቅሞ ዘወር ብሎ መቆም ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን የቆመውን ተመልካች ሁሉ ማራቅ ይገባል፤ በተለይ ልጆችን።

አሮጌ፣ የታደሰና የተቀየረ ጎማ

«ዶት» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ተከትሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች ይገኛሉ። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ወይም በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ «አዲስ» ጎማ ጥርሱ ሳይነካ ላስቲኩ ይደርቃል። ጥርሱን ጣት እያስገቡ ከመለካት ይህን ቁጥር ማንበብ ይቀድማል።

የታደሰ ጎማ መጥፎ ስም አለው፤ ሁልጊዜ የሚገባው ግን አይደለም። የአውሮፕላን ጎማ እንኳ እየታደሰ ደጋግሞ ይሠራል። ወሳኙ የአሮጌው ጎማ አካል ጤንነት ነው፤ አንድ ጊዜ ያለ ንፋስ የሄደ፣ ሽቦው የዛገ ወይም ጎኑ የተቆረጠ ከሆነ የተለጠፈበት አዲስ ጥርስ አያድነውም። ቦታው ኋላ እንጂ ፊት አይሁን። አሜሪካ ውስጥ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ የታደሰ ጎማ መግጠም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለጭነት መኪና የፊት ጎማም የጥርስ ጥልቀት ከ3.2 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይሆን ሲደነግግ ለሌሎቹ 1.6 ይበቃል ይላል። ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ብረት ጥርስ የመቅረጽ ዘዴ ደግሞ ጎማው ለዚያ ተብሎ ወፍራም ወለል ኖሮት ካልተሠራ በስተቀር ሽቦውን በገዛ እጅ ማራቆት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ የሚሆነው ለበረባሶ ነው።

የዋጋውን ነገር በቀላል ቁጥር እንየው። አንዱ ጎማ 100 ብር፣ ሌላው 140 ብር ነው ብለን እናስብ። የመጀመሪያው 50 ሺሕ ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 80 ሺሕ ቢሄድ፣ ለሺሕ ኪሎ ሜትር የሚወጣው በመጀመሪያው 2 ብር፣ በሁለተኛው 1 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ሊታደስ የሚችል አካል ካለው ልዩነቱ ይሰፋል። ይህን ለማወቅ ግን ጎማው መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተገጠመ መጻፍ ያስፈልጋል። በየጎማው ጎን ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በደብተር መያዝ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሄዶ የተመለሰው ጎማ የተገዛው ጎማ መሆኑን ያረጋግጣል። የሰሌዳ ቁጥር በጋለ ብረት የሚያስመቱ ባለቤቶች ምልክቱ ጎኑን ዘልቆ እንዳይጎዳ ከላይ ከላዩ ቢያስደርጉት ይመከራል።

ስኮርታውስ? ብዙ መኪና ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ከሁሉ ያለቀው ጎማ ነው። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ግን ፊት የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህ የሚሰቀለው ጎማ የፊቱን ጭነት የሚችል፣ ጥርስ ያለውና ንፋሱ በየሳምንቱ የሚለካ መሆን አለበት። ክሪኩም ባዶ መኪና ሳይሆን የተጫነውን ማንሳት መቻሉን ከአዲስ አበባ ሳይወጡ መሞከር ያስፈልጋል።